እጅ ያልበዛበት ቀይ ወይን ከእኛ ማዕድ ጋር

(ጎንደር ላይ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መግቢያ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ቀይ ወይን ነው። ፍሬው ያለ ፋብሪካ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የበቀለ፣ ጠማቂውም እጁን ያላበዛበት ወይን። ውጭ አገር ወሬው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። እኔ ግን ስለ ፋሽኑ ልነግራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ይህ ወይን ከእንጀራችን፣ ከበርበሬያችንና ከጾም ምግባችን ጋር ከብዙዎቹ ከባድ ቀይ ወይኖች የተሻለ እንደሚስማማ ስለማምን ነው። እንግዳ ዶሮ ወጥ አዝዞ «ምን ልጠጣበት?» ሲላችሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ውድ የሆነውን መጠቆም መልስ አይደለም።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ፤ ሰው ሁሌ ይደባልቃቸዋል። ኦርጋኒክ የሚለው በዋናነት ስለ እርሻው ነው። እጅ ያልበዛበት የሚለው ደግሞ ስለ መጥመቂያ ቤቱ ነው። ፍሬው ኦርጋኒክ ሆኖ መጥመቂያ ቤት ሲገባ ብዙ ነገር የሚጨመርበት ወይን ሞልቷል።

በእርሻው በኩል ብዙ አልቆይም። ኦርጋኒክ ማለት ምንም አይረጭም ማለት አይደለም። ወይን በሻጋታ በሽታ ቶሎ የሚጠቃ ተክል ነው፤ ገበሬው ድኝና መዳብ ይረጫል። መዳብ ደግሞ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ በላይ መዳብ እንዳይረጭ የከለከለው። ስለዚህ ለእንግዳችሁ «ምንም ያልነካው ነው» አትበሉ፤ ውሸት ይሆናል።

የመጥመቂያ ቤቱ ነገር ግን ሰፊ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ይህን ማስረዳት ይቀላል። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ እርሾ ከሱቅ ገዝተው አያውቁም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ከዚያ ድፍድፉ በራሱ ጊዜ ይፈላል። ማን አፈላው? ጌሾው ላይ፣ ብቅሉ ላይና ጋኑ ላይ የነበረ በዓይን የማይታይ እርሾ ነው። ወይንም ጥንት እንዲሁ ነበር የሚሠራው። እርሾው ፍሬው ቆዳ ላይና መጥመቂያ ቤቱ ውስጥ አለ። ፍሬው ሲጨመቅ ስኳሩን ወደ አልኮል መለወጥ ይጀምራል።

ዛሬ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ተመርጦ የተባዛ ደረቅ እርሾ ገዝተው ይጨምራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተገዛው እርሾ ባሕርይው ይታወቃል፣ መሐል ላይ አያቆምም፣ በየዓመቱ ተመሳሳይ ጣዕም ይሰጣል። ሚሊዮን ጠርሙስ ለሚሸጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ኮምጣጣነት ሲያንስ አሲድ ይጨመራል፤ ስኳር ሲያንስ፣ በተፈቀደበት አገር፣ ስኳር ይጨመራል። የስኳሩን ነገር ስኳር የተጨመረበት ጠጅ ቀምሶ የሚያውቅ ጎንደሬ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ታኒን፣ ማለትም ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣው አፍ የሚያኮማትር ነገር፣ በዱቄት መልክ ይገባል። ወይኑ አፍ ላይ ለስለስ እንዲል ሙጫም ይጨመርበታል። አዎ፣ ሙጫ፤ ከግራር የሚለቀመው፣ ከመተማ ማዶ ሱዳን በዓለም አንደኛ የሆነችበት ያው ሙጫ። እነዚህ ሁሉ የተፈቀዱ ናቸው፣ መርዝም አይደሉም። ቅር የሚለኝ ጠጪው አለማወቁ ነው። ብስኩት ጀርባ ላይ የገባበት ሁሉ ሲጻፍ የወይን ጠርሙስ ግን ዝም ይል ነበር። አውሮፓ ይህን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ነው፣ ያውም ዝርዝሩን በስልክ ስካን ተደርጎ በሚነበብ ኮድ ማስቀመጥ ተፈቅዶ።

አሁን ወደ ድኙ። ጋን ስናጥን የምንፈልገው ጣዕሙን ብቻ አይደለም፤ ጋኑ እንዲጸዳም ነው። የአውሮፓ ጠማቂዎችም ከጥንት ጀምሮ በርሜል ውስጥ ድኝ ያጨሱ ነበር። ጭሱ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ወይኑን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ይገታል፣ በአየር እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። በኋላ በቀጥታ ወይኑ ውስጥ መጨመር ተለመደ። ጠርሙስ ላይ «ሰልፋይት አለው» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፤ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ መጻፍ ግዴታ ነው። በአውሮፓ ሕግ ስኳር የሌለው ተራ ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊግራም ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኦርጋኒክ ወይን ደንብ ይህን ወደ 100 አወረደው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 «ቫን ሜቶድ ናቲዩር» የሚባል ምልክት ሲመጣ ደግሞ ጣሪያው 30 ሆነ፤ ፍሬው ኦርጋኒክ፣ በእጅ የተለቀመ፣ እርሾውም የራሱ መሆን አለበት። ዜሮ የሚባል ወይን ግን የለም ማለት ይቻላል፤ እርሾው ራሱ ሲያፈላ ትንሽ ይፈጥራልና።

ይህ አሠራር እንደገና የተነሳው በጥቂት ሰዎች ልፋት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን ቦዦሌ የሚባል አካባቢ አለ። እዚያ ዡል ሾቬ የሚባል ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ተወልዶ በ1989 ያረፈ የወይን ነጋዴና የኬሚስትሪ ሰው። ኬሚስት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ኬሚካል ቀንሱ ያለው ሳይንስ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በማይክሮስኮፕ እርሾ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ፍሬው ጤነኛ ከሆነና ንጽሕናው ከተጠበቀ ድኝ ሳይጨመር ጥሩ ወይን እንደሚሠራ አሳየ። እሱን ሰምቶ መንገዱን የለወጠው ማርሴል ላፒየር ነው። ሞርጎን በሚባለው የቦዦሌ ክፍል የቤተሰቡን እርሻ እ.ኤ.አ. በ1973 ተረክቦ ነበር። በ2010 ሲያርፍ ልጆቹ ቀጠሉበት።

የሞርጎን ወይን የሚሠራው ጋሜ ከሚባል የወይን ዝርያ ነው። ዘለላው ሳይፈጭ፣ ሳይፈለፈል፣ እንዳለ በርሜል ውስጥ ይደረደራል። የታችኛው በላዩ ክብደት ተጨፍልቆ ይፈላል፣ ጋዙ በርሜሉን ይሞላዋል፣ የላይኞቹ ፍሬዎች ደግሞ ሳይፈርጡ ከውስጣቸው መፍላት ይጀምራሉ። የዚህ ውጤት የፍሬ ሽታው የጎላ፣ አፍ የማይዝ፣ የማያኮማትር ቀይ ወይን ነው። ይህን አስታውሱት፤ ወደ በርበሬው ስንመጣ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው።

እስቲ አንዱን እንክፈት። ብርሃን ፊት አንሱት። በትክክል ጥርት ያላለ፣ ትንሽ ደመና ያለበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለማይጣራ። ጠርሙሱ ታች አተላ አለ፤ ስለዚህ ከምታቀርቡበት ቀን በፊት አቁማችሁ አሳድሩት፣ ስትቀዱም የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዉአት። አፍ ላይ ሲገባ ምላስ ላይ ቅንጥጥ የሚያደርግ ነገር ካለ ከመፍላቱ የቀረ ጋዝ ነው፤ ጠማቂው ድኙን ስለቀነሰ ወይኑን ከአየር እንዲጠብቅለት ሆን ብሎ ይተወዋል። ማሰሮ መሰል ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጣችሁ ትንሽ ብታቆዩት ይሄዳል። ሽታው መጀመሪያ የእንጆሪና የአጋም ነው። ቆይቶ ቁንዶ በርበሬና እርጥብ አፈር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ኮምጠጥ ብሎ ምራቅ ያስመጣል። ይህ ምራቅ ለምግብ የተፈጠረ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልበል። ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ የተበላሸ ወይን እንግዳ ፊት አይቀርብም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት፣ የፈረስ ጋጣ የሚሸት ካለ ይመለስ። አንድ አስቸጋሪ ጉድለትም አለ፤ ሲሸተት ምንም አይልም፣ ከተዋጠ በኋላ ግን አፍ ውስጥ የአይጥ ሽታ ይመጣል። ምራቅ የወይኑን አሲድ ሲያቀልለው ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ በአፍንጫ ብቻ አትመኑ፣ ቅመሱ። ጠላ ሲሆምጥብን «ተፈጥሮው ነው» ብለን አንጠጣም እኮ፤ ለወይንም የተለየ ምሕረት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ማዕዳችን።

ከእንጀራው ልጀምር፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነውና። እንጀራ ኮምጣጣ ነው። በሊጡ ውስጥ እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አብረው አሉ። ወይን ከምግቡ ያነሰ ኮምጣጣነት ካለው አፍ ላይ ሞቶ ይቀራል፤ ውሃ ውሃ ይላል። ለዚህ ነው ሞቃት አገር የተመረተ፣ በጣም የበሰለ፣ ወፍራም ቀይ ወይን በዳቦ ሲጠጣ ጥሩ ሆኖ እንጀራ ሲመጣ የሚደነዝዘው። ከቀዝቃዛ አካባቢ የመጣ፣ ፍሬው ከመጠን በላይ ሳይበስል የተለቀመ ወይን ኮምጣጣነቱ እንጀራውን ይችለዋል። ቀይ ወይን ከመጀመሪያው መፍላት በኋላ ሌላ ለውጥ ደግሞ ያልፋል። ባክቴሪያ የሚያቃጥለውን አሲድ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጥለታል። እንጀራችን ውስጥ ያለውም ያው አሲድ ነው።

ዶሮ ወጥ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የበርበሬን ማቃጠል አልኮል ያባብሰዋል፤ በርበሬው የሚነካውን የአፍ ነርቭ አልኮልም ይነካዋልና። ታኒኑ ደግሞ አፍን ያደርቃል፣ ያኮማትራል፣ በተቃጠለ አፍ ላይ ሲጨመር ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ አልኮሉ 14 ከግማሽ በመቶ የሚለው፣ ካበርኔ ሶቪኞ ከሚባለው ዝርያ የተሠራ ወፍራም ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ ሁለቱም ይጎዳሉ። ወጡ ከልኩ በላይ ያቃጥላል፣ ወይኑ ይመርራል። እንግዳው «የሐበሻ ምግብ ከወይን ጋር አይሄድም» ብሎ ይሄዳል። ጥፋቱ የምግቡ አይደለም፣ የመረጠለት ሰው ነው። ዶሮ ወጥ እኮ በርበሬ ብቻ አይደለም። ለሰዓታት የተቁላላ ሽንኩርት አለው፣ ጣፋጭ ነው። ቅቤ አለው፣ ኮረሪማ አለው። ታኒኑ ያነሰ፣ አልኮሉ 12 ወይም 13 የሆነ፣ የፍሬ ሽታው የጎላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ወይን ሲመጣ ሽንኩርቱና ኮረሪማው ብቅ ይላሉ። ቅዝቃዜውም ለበርበሬው ዕረፍት ነው። ለፋሲካ እንግዳ የሚጠራ ሰው ቢጠይቀኝ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆየ።

ጥብስ ላይ ነፃነት አለ። ሥጋና ስብ ታኒንን ይይዙታል፤ ያው ወይን ብቻውን ሲጠጣ የሚያኮማትረው ከጥብስ ጋር ይለሰልሳል። በጥብስ ቅጠልና በሽንኩርት የተጠበሰ ከሆነ ሲራህ ከሚባለው ዝርያ የተሠራ ቀይ ወይንም ይሄዳል፤ የቁንዶ በርበሬ ሽታው ከሥጋው ጋር ይግባባል። አዋዜው ግን ለብቻው ይቅረብ፤ የፈለገ ያጥቅስ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ከቀለል ወይን ጋር ያምራሉ፣ ሚጥሚጣው ከበዛ ግን ወይኑን ተዉት፤ ጠጅ ስጡት። ጣፋጭነቱ ለሚጥሚጣ ከማንኛውም ቀይ ወይን የበለጠ መድኃኒት ነው።

የጾም በያይነቱ የእኔ ተወዳጅ ነው፣ ወይን የሚያውቁ ሰዎች ግን ይዘሉታል። ቀይ ሥሩን ከሞርጎን ዓይነት ወይን ጋር ሞክሩት። የሁለቱም የአፈር ሽታ ተገናኝቶ ሳህኑ ላይ ካለው ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ቀይ ሥሩ ይሆናል። ምስር ወጥ ጥሩ ነው። ሽሮ ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው ጎልቶ ከተሠራ በጣም ጥሩ ነው። ስናፍጭ ሲመጣ ግን ብርጭቆውን አስቀምጡ፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ወይኑን ሙሉ በሙሉ ይሰርዘዋል።

ዓሣም አለ፤ ጣና አጠገባችን ሆኖ ሳናነሳው አንቀርም። ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር አይሄድም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣው ዘይት ጋር ሲገናኝ መጥፎ ጣዕም ያመጣል። ከጎርጎራ የመጣ፣ ዘይቱ ያነሰ፣ በደንብ ተጠብሶ ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ ግን ከቀለል ቀዝቃዛ ቀይ ወይን ጋር ይቻላል። ዓሣ ጉላሽ ከሆነ ደግሞ ቲማቲሙ የበለጠ ያግዘዋል።

«ይህ ሞርጎን የምትለው ጎንደር ሱቅ ውስጥ የታለ?» የሚል ፊት እያየሁ ነው። እውነት ነው፤ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው የሚያመጣው። ግን የነገርኳችሁ ነገር አገር ውስጥ ባለውም ይሠራል። ከባቱ የሚመጡት ሪፍት ቫሊና አካሲያ አሉ፣ የአዋሽ ጉደር አለ። ስማቸውን ያነሳሁት ኦርጋኒክ ናቸው ብዬ አይደለም፤ እጃችን ላይ ያሉት እነሱ ስለሆኑ ነው። ደረቁን ቀይ ለጥብስ አድርጉት። ከፊል ጣፋጩን አካሲያ አቀዝቅዛችሁ ለበርበሬ ምግብ ስጡ፤ ስኳሩ ማቃጠሉን ያበርደዋል። ጣፋጭ ወይን ጠጪ አያውቅም ብላችሁ እንግዳችሁን አትናቁ፤ ከቀይ ወጥ ጋር ብዙ ጊዜ ትክክለኛው እሱ ነው።

ሙቀቱንም ተጠንቀቁ። ቀይ ወይን «በክፍሉ ሙቀት» ይጠጣል የሚባለው ቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤት ታስቦ ነው። ጎንደር በክረምት ማታ ምንም ችግር የለም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ባንኮኒ ላይ ቆሞ የዋለ ጠርሙስ ሞቋል፤ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ለቀለል ወይን 14 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ድኙ የቀነሰ ወይን ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ኩሽና አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጣችሁት ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ሊፈላ ወይም ሊሆመጥጥ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሳ። ዋና ዋናዎቹን ከነመልሳቸው ልጻፍ።

አንዷ እህት «ራስ ምታት አያመጣም ይባላል፣ እውነት ነው?» አለች። ለእንግዳ እንዲህ ብላችሁ ቃል አትግቡ። ራስ ምታቱን ሰው በሰልፋይት ያሳብባል፤ ግን ብዙ የደረቁ ፍራፍሬዎች ከወይን የበለጠ ሰልፋይት አላቸው፣ እነሱን በልቶ ራሱን የሚይዝ ሰው ብዙ አይታይም። አስም ያለበት ሰው ግን ሰልፋይት ሊያስቸግረው ስለሚችል ይጠንቀቅ። ለቀረነው ዋናው ምክንያት አልኮሉ ነው። ይህ ወይን ከጠላ በጣም ይጠነክራል፣ በጣሳ ልክ አይጠጣም። ውሃ አብራችሁ አቅርቡ።

ሌላው «የጾም ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ከምሽቱ ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው ይህ ነበር እላለሁ። ምክንያቱም ብዙ ወይን ጥርት እንዲል የእንቁላል ነጭ፣ የወተት ፕሮቲን፣ ጄላቲን ወይም ከዓሣ የሚገኝ ነገር ይጨመርበትና ደለሉን ይዞ ሲወርድ ይቀዳል። ቀይ ወይን ላይ የእንቁላል ነጭ የቆየ ልማድ ነው። እጅ ያልበዛበት ወይን ብዙ ጊዜ ይህ አይደረግበትም፤ ደመናውም ከዚያ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ እንዲህ ባለ ነገር አልጠራም የሚል ካለ ከእንስሳ የመጣ ነገር አልገባበትም ማለት ነው። በጾም መጠጣቱ ይገባል ወይ የሚለውን ግን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ የምግብ ቤት ባለቤት ነበር። በብርጭቆ ከሸጥኩ የተከፈተው ስንት ቀን ይቆይልኛል አሉኝ። ድኙ የቀነሰ ስለሆነ ከሌላው ቀድሞ ይሄዳል። ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙት፣ ቀይም ቢሆን። እስከ ሁለተኛው ቀን ይሽጡ፣ በሦስተኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ሳይቀምሱ ለሰው አይቅዱ። የደከመ ከመሰለዎት ለኩሽና ይስጡት፤ ጥብሱ ከመውጣቱ በፊት መጥበሻው ላይ ጣል ሲደረግበት የተያያዘውን ያለቅቀዋል፣ መረቅም ይሆናል።